የቀዳሚው ወፍ ጅራት

ከሩቅ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ተወለድኩባት ከተማ የተመለስኩ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት፣ አንድ ሽማግሌ ከገዛ ግቢያቸው በመሰላል ሲወጡ ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው፣ አጥሩን እንደ በቅሎ ተቀምጠውበት፣ በአንድ እግራቸው ወደ መንገዱ በኩል የቆመውን መሰላል ይዳብሳሉ። ሮጬ ደገፍኳቸው። መሬት ከረገጡ በኋላ በሩ ወዴት እንደሄደ ጠየቅኳቸው። በሁለት የድንጋይ ዓምዶች መካከል የተሞላውን አዲስ ግንብ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ወፌ ሞተብኝ» አሉ። «ባለፈው ሰሞን መጥተው ገነቡት። እግዜር ይስጥልኝ፤ የማን ልጅ ነህ?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የወፍ መሞትና የበር መገንባት እንዴት እንደሚገናኙ ግን ስላልገባኝ፣ እሳቸው ከሄዱም በኋላ ግንቡን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ከተማችን ከጥንት ጀምሮ የምትታወቀው በወፍ ነው። ፌዛንት ይሉታል፤ የቆቅና የዶሮ ዘመድ ሲሆን የሚረባው ለሥጋው ሳይሆን ለውበቱ ነው። እኛ ጋ ያለውን ዘር «ወርቄ» እንለዋለን። የወንዱ ጉትያ ወርቅ ይመስላል፤ ደረቱ ቀይ ነው፤ ጅራቱ ከአካሉ ይረዝማል። ሴቷ ግን ደረቅ ሣር ስለምትመስል ሣር ውስጥ ከገባች አትታይም። ልጅ ሳለሁ ወርቄ ያለው ቤት ክብር አለው ይባል ነበር። እኔ በሌለሁባቸው ዓመታት ይህ ወሬ ሕግ ሆኗል። ወርቄ የሌለው ቤት ክብር የለውም፤ ክብር የሌለው ቤት ደግሞ ወደ አውራ መንገድ በር ማውጣት አይገባውም። ነዋሪው ግን እንዳይጉላላ ታስቦ ሁለት መሰላል ይፈቀድለታል፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ።

የእህቴ የእማዋይሽ በር ክፍት ነበር። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ፦

«እታለም፣ ይሄ የመሰላል ነገር ምን ጉድ ነው?» አልኳት።

«መጀመሪያ ግባ! ዕቃህን ሳታስቀምጥ ጥያቄ ጀመርክ? ስንልክህም እንዲሁ ነበርክ፣ ሲመልሱህም እንዲሁ።»

ገባሁ፣ ተሳሳምን፣ ትንሽ አለቀስን። ከዚያ ሽሮዋን እያማሰለች ሁሉንም ነገረችኝ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ነጋዴ ከሌላ አገር «ብርማ» የሚባል፣ አንገቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነጭ ላባ ያለው ፌዛንት ይዞ የመጣ ጊዜ ነው። የነጋዴው ወፍ ከአንዲት ወርቄ ጋር ተገናኘ። የተፈለፈሉት ጫጩቶች አድገው ላባ ሲያወጡ የከተማው ግማሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ ማቅ ለበሰ። ያጨበጨቡት «ቅይጦች» ተብለው ከአውራው መንገድ በታች፣ ማቅ የለበሱት «ንጹሓን» ተብለው ከመንገዱ በላይ ሰፈሩ። እህቴ ቤቷ መንገዱ ዳር ስለሆነ የየትኛው ወገን እንደሆነች እስካሁን አልተወሰነም። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አለ።

የንጹሓኑ አለቃ ሊቀ ላባ አስማረ ናቸው። ሊቀ ላባ ማለት የወፎችን ጥራት የሚመሰክር ሹም ነው። የሚመሰክሩትም በግምት አይደለም። ከተማችን መጀመሪያ የገባው ወርቄ ሲሞት ቆዳው ገለባ ተሞልቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ «ቀዳሚው» ይባላል። በየዓመቱ ወንድ ወፍ ሁሉ መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ ከቀዳሚው ጎን እየቆመ ይተያያል። የመሰለው እግሩ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ያልመሰለው ድስት ይገባል። አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ እስከዛሬ ከወፎቹ በቀር ያማረረ የለም።

ቀዳሚው ጮኾ አያውቅም። ስለዚህ መጮኽ የጥራት ጉድለት ተብሎ ተመዘገበ። የሚጮኹት ወፎች በየዓመቱ ድስት ሲገቡ፣ ሲገቡ፣ አሁን ከተማው ውስጥ የወርቄ ድምፅ የሰማ ወጣት የለም። ቀዳሚው ደግሞ ከብርጭቆ የተሠራው ግራ ዓይኑ አንድ ቀን ወልቆ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ንጹሓኑ ወንድ ወፎቻቸውን ለማስተያየት ሲያመጡ ግራ ዓይናቸውን በትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይሸፍኑላቸዋል።

«አሁንስ ቀለል አድርገውታል» አለች እህቴ፣ ማማሰሏን ሳታቆም። «ድሮ ያወጡት ነበር።»

«ምኑን?»

«ዓይኑን።»

የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

«እሱንም ሰበርክ?» አለችኝ።

ሩቅ አገር የተማርኩት የእንስሳትን የዘር ውርስ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የነበረኝ ሐሳብ፣ ወገኔ ዕውቀቴን ይፈልገው ይሆናል የሚል ነበር። በማግሥቱ ከመንገዱ በታች ወርጄ የቅይጦችን አለቃ ወይዘሮ አልጣሽን አገኘኋቸው። ማዕረጋቸው «ዋና አዋሃጅ» ነው። በደስታ ተቀበሉኝና የወፍ ቤታቸውን አስጎበኙኝ። የቅይጦቹ ሕግ ማንም ወፍ ከመሰሉ ጋር እንዳይገናኝ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከአዲስ ነገር ጋር መቀየጥ አለበት። ብርማው ሲያልቅ ወደ ዥግራ ሄዱ፤ ከዥግራ ወደ ተራ ዶሮ። እናቱን የሚመስል ወፍ ከተገኘ «ኋላ ቀር» ተብሎ ድስት ይገባል። በድስቱ ጉዳይ ሁለቱ ወገኖች ልዩነት የላቸውም።

«ዘንድሮ ዳክዬ አስበናል» አሉኝ ወይዘሮ አልጣሽ። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ ምን ትላለህ?»

ጥግ ላይ የቆመ አንድ ወፍ አየሁ። አንገቱ ራቁቱን፣ ክንፉ ነጠብጣብ፣ ከወገቡ በታች ዶሮ ነው። እሱም አየኝ። ከሁለታችን የትኛው ይበልጥ እንደደነገጠ አላውቅም።

«እማማ አልጣሽ፣ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ?» አልኳቸው።

የወፍ ቤቱን በር መለስ አደረጉ። «ገና በደንብ ስላልተቀየጡ ነው» አሉ።

ከመንገዱ በላይ ወጥቼ ሊቀ ላባ አስማረንም ይህንኑ ጠየቅኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትሁት ሰው ናቸው። የጅራት መለኪያ ዘንጋቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ሲያናግሩኝም ሳያስቡት ክንዴን ይለኩ ነበር።

«የማይፈለፈለው እነዚያ ከታች ቀና ብለው ስለሚያዩት ነው» አሉኝ። «እንቁላል ዓይን አይወድም።»

አንድ እንቁላል ለምኜ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም የለበትም። የንጹሓኑ ወፎች ለብዙ ትውልድ ወንድም ከእህቱ፣ አባት ከልጁ እየተገናኙ ደማቸው ደክሟል፤ የቅይጦቹ ደግሞ ከዶሮ የተወለዱት እንደ በቅሎ መካኖች ናቸው። ይህንን ለሁለቱም በየተራ፣ በጨዋ ቋንቋ አስረዳሁ። ወርቄን እንዳለ ማቆየት ይቻላል፤ ግን ዝምድና የሌለው ደም ከሩቅ ሸለቆ መፈለግ አለበት። ብርማን ማዳቀልም ነውር የለበትም፤ ግን ሁሉን ከሁሉ ከቀላቀሉ የሚቀላቀል ነገር ያልቃል። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ቢሆንም እንዲህ ይመስለኛል» ብዬ ጨረስኩ።

ሁለቱም የሰሙት «እርግጠኛ አይደለሁም» ያልኩትን ብቻ ነው። ሳይመሽ ከላይም ከታችም «ያ የሩቁ ልጅ ምንም አያውቅም፣ ራሱ ተናግሯል» ተባለልኝ።

ተክዤ ቤት ስገባ እህቴ በጥቅሻ ጠራችኝና ከቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ። በአሮጌ ቅርጫት ውስጥ ሴቷ ወርቄዋ ተኝታለች። የእህቴ በር ያልተገነባው በዚህች ወፍ ምክንያት ነው። ሌላ የላትም።

«ታቅፋለች» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ወንድ የላትም እኮ። ወንዱ ሞተ አላልሽኝም?»

«ሞተ። እሷ አጥር ዘልላ ጥቂት ቀን ጠፍታ ተመለሰች። ወዴት እንደሄደች አልጠየቅኳትም፤ ትልቅ ሴት ናት።»

አንዱን እንቁላል ቀስ ብዬ አውጥቼ ወደ ፀሐይ አነሣሁ። ቀጫጭን ቀይ ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል፤ መሐላቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትርገበገባለች። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ከተማ ውስጥ በሕይወት ያለ እንቁላል የያዘ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ንጋት ላይ ከግቢያችን ጀርባ ካለው እሾሃማ ኮረብታ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሻካራ፣ አጭር፣ ልክ ዝገት የበላው የበር ማጠፊያ ሲከፈት እንደሚሰማው። በልጅነቴ የማውቀው የወንድ ወርቄ ጩኸት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ከድስት ያመለጡ ጥቂት ወፎች እዚያ ሳይዋለዱ አልቀሩም። ወጥቼ ልሮጥ ስል እህቴ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ሰማሽው?»

«ምንም አልሰማሁም» አለች። «አንተም አልሰማህም።»

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ቡናማ፣ ጀርባቸው ላይ ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ናቸው። እህቴ እንደዚያ ስትስቅ ከልጅነቴ ወዲህ አላየኋትም። ግን ጫጩት ድምፁን መደበቅ አይችልም። በመጣሁ ዕለት የደገፍኳቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን መሰላላቸው ላይ ሆነው ሰምተው በደስታ ለአንድ ሰው አወሩ፤ ያ ሰው ለሁለት ሰው አወራ። ምሳ ሳይደርስ ከላይ ሊቀ ላባ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ከታች ወይዘሮ አልጣሽ ጥላቸውን ዘርግተው ደጃፋችን ላይ ተገናኙ። በዚያ ደጃፍ ላይ ሲገናኙ ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያቸው ነው።

«አባታቸው ማነው?» አሉ ሊቀ ላባ።

«ወፍ ነው» አለች እህቴ።

«እማዋይሽ፣ አትቀልጂ! እናቲቱ ከንጹሓን የተመዘገበች ናት። አባቱ ከታች ከሆነ ቤታችን ተደፍሯል፤ ድስት ይገባሉ።»

«አባቱ ከላይ ከሆነ ደግሞ ያልተቀየጡ ኋላ ቀሮች ናቸው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «እኛም ዝም ብለን አናይም።»

«ገና ሥጋ እንኳ የላቸውም» አለች እህቴ። «ምናቸውን ትቀቅላላችሁ? ጩኸታቸውን?»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማሙ። ያ የሩቁ ልጅ የዘር ነገር ተምሯል፤ እርግጠኛ ባይሆንም ዓይን አለው። ቀዳሚው ከሣጥኑ ይውጣ፤ ልጁ ከጫጩቶቹ ጋር አስተያይቶ ይመስክር። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ይለይ፤ ከዚያ የትኛው ወገን ድስቱን እንደሚጥድ ይታወቃል።

ወደ አዳራሹ ስንሄድ እህቴ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። ጫጩቶቹን በመሶብ ይዛለች፤ ነጠላዋን ከላይ ሸፍናበታለች።

«ስማኝ» አለችኝ። «‹አልታወቀም› በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር። አልታወቀም ካልክ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴ ካቋቋሙ እነዚህ አድገው፣ አርጅተው፣ በሰላም ይሞታሉ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከላይ የመጡት በቀኝ፣ ከታች የመጡት በግራ። ሊቀ ላባ የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው ፈትተው ከፈቱ። የብል መድኃኒት ሽታ ወጣ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እኔም ቀዳሚውን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ክንፉን ነው። ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቀለሙ ሥር ግን ነጠብጣብ አለ። ጎንበስ ብዬ፦

«ሊቀ ላባ፣ ይሄ ክንፍ የዥግራ ነው» አልኳቸው በጆሯቸው።

ፊታቸው አልተለወጠም። «ቀስ በል» አሉኝ። «የዱሮውን ብል በላው። ምን ላድርግ? እኔ የቀየርኩት ክንፉን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እውነተኛ ነው።»

«አንገቱስ?»

«አንገቱ የራሱ ነው።»

አንገቱን ገለጥ አደረግኩት። እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ የብርማ ላባ ነው፤ በእርድ ቢጫ ተደርጎ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ሊቀ ላባ ክንፉን የሰፉበት ክር ጥቁር ነበር። አረንጓዴውን አይተው በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። እግሩን አነሣሁት፤ የተራ አውራ ዶሮ እግር ነው፣ በነጭ ክር። ደረቱ በሰማያዊ ክር። ጅራቱ በማላውቀው በአንድ ወፍራም ክር። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሊቃነ ላባ ሁሉ እያንዳንዳቸው በሥልጣን ዘመናቸው፣ በሩን ዘግተው፣ አንዲት ነገር ብቻ ቀይረዋል። እያንዳንዳቸውም ሌላው ሁሉ እውነተኛ መስሏቸው ሞተዋል። እሳቸውም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደዚያ መስሏቸው ነበር። ዘንጋቸውን ተደግፈው ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«ከራሱ ምን ቀረ?» አሉኝ።

ፈለግኩ። «ምንቃሩ ሊሆን ይችላል» አልኩ። «እርግጠኛ አይደለሁም።»

እህቴ መሶቡን አቅፋ ከፊት ተቀምጣለች። በዓይኗ «አልታወቀም በል» ትለኛለች። ማለት ነበረብኝ። ግን ያንን ሁሉ ሰው አየሁ፤ የወፎቹን ዓይን የሸፈነውን፣ መሰላል የሚወጣውን፣ ለዚህ የገለባ ጆንያ ተነሥቶ የቆመውን። እውነቱን ቢያውቁ የሚተዉት መሰለኝ። ትምህርት ሰውን እንዲህ ያሞኘዋል።

«ወገኖቼ» አልኩ ጮኽ ብዬ፣ «ቀዳሚው የዥግራ ክንፍ፣ የብርማ አንገትና የዶሮ እግር አለው። እስከዛሬ ወፎቻችሁን ስታስተያዩ የነበረው ከተጣጣፈ ነገር ጋር ነው።»

አንዲት አሮጊት ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ ንጹሓንና ቅይጦች በአንድነት ደገፏቸው። ከዚያ ወይዘሮ አልጣሽ ብድግ አሉ።

«እልል በሉ!» አሉ። «ቀዳሚው የኛ ነው! ቅይጥ ነው!»

በግራ በኩል እልልታው ቀለጠ። በቀኝ በኩል ሰው ራሱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ይህን ጊዜ ሊቀ ላባ ቀስ ብለው ተነሡ። ሽንፈት ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ይልቁንም አንድ ብርሃን ነገር አየሁ፤ ብርሃኑም አስፈራኝ።

«ቅይጥ ነው» አሉ። «ይሁን። ግን እንደሱ ያለ ሌላ ቅይጥ አለ? የለም። ስለዚህ ንጹሕ ቅይጥ ነው።»

ሰዉ ተያየ። ወይዘሮ አልጣሽ እንባቸው መጣ።

«አስማረ» አሉ፣ «ይህን ቃል ያን ጊዜ ብትናገረው ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት ባልተቃጠለ።»

ተቃቀፉ። ከቀኝና ከግራ ሰዉ እየተሻገረ ይሳሳም ጀመር። ወንድም ከወንድሙ፣ አማት ከምራቷ፣ ሲላቀስ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እዚያው በቆሙበት አንድ ሕግ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ ከእንግዲህ ከላይም ይሁን ከታች፣ ቀዳሚውን በሁሉም ነገር የማይመስል ወፍ ሁሉ ድስት ይግባ።

«ቆይ!» አልኩ። «የዥግራ ክንፍ፣ የብርማ አንገት፣ የዶሮ እግርና አንድ ዓይን ያለው ወፍ የለም እኮ! አንድም አይተርፍም!»

ሊቀ ላባ በርኅራኄ ትከሻዬን ዳሰሱኝ።

«ቀዳሚው ይተርፋል» አሉኝ።

ወደ እህቴ ዘወር አልኩ። ወንበሯ ባዶ ነበር።

ወፎቹን ከየቤቱ ለክተው የሚሰበስቡት የሊቀ ላባ ለኪዎች ቤታችን ሲደርሱ እህቴ ደጃፏን እየጠረገች አገኟት። ቅርጫቱ ባዶ ነው፤ እናቲቱም የለችም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የኮረብታው እሾህ ተሰክቷል፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ድመት በላቸው» አለቻቸው።

«ሁሉንም?»

«የተራበ ድመት ነው።»

አንዱ ለኪ ቆም ብሎ አሰበና፦ «ድመቱ የላይ ነው የታች?» አላት።

«የሠፈር» አለች።

ዕርቁ በዚያው ሳምንት ተበላ። ከላይ ወርቄ፣ ከታች ቅይጥ፣ በአንድ ድንኳን ሥር፣ በአንድ ወጥ። ወርቃማው ጉትያ በየመንገዱ በነፋስ ይንከባለል ነበር። ሰዎች እየጎረሱ፣ እያጎረሱ፣ ዘንድሮ የሰላም ዓመት ነው ተባባሉ። እኔ መቅመስ አልቻልኩም፤ ለዚህም ታማሁ። በማግሥቱ ግንበኞች መጡ። ወፍ ያለው ቤት ስለሌለ ሁሉም በር ይገነባል፤ የሊቀ ላባና የወይዘሮ አልጣሽ በር ሳይቀር ተገነባ። እኩልነት ሰፈነ። የመሰላል ሠሪዎች ልጆቻቸውን በአንድ ወር ዳሩ።

እህቴ እስከ ክረምቱ መውጫ አላናገረችኝም። በሯ ሲገነባ ግንበኞቹን ውኃ አጠጣች፣ መረቀቻቸው። ከዚያ በየማለዳው ጉርሻ የምታህል እህል በጉያዋ ይዛ በጓሮው መሰላል ስትወጣ አያለሁ። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም። አንድ ማለዳ ግን መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆም ብላ፣ ሳታየኝ፦

«ትመጣለህ? አፍህን ዘግተህ ከሆነ» አለችኝ።

ሄድኩ። ኮረብታው ላይ፣ ከእሾሁ ውስጥ፣ እናቲቱ ቀድማ ወጣች። ቀጥሎ ጫጩት የነበሩት ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ ወንድ ነው፤ ላባውን ማውጣት ጀምሯል። ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እዚህ አልጽፍም። አንገቱን ቀና አድርጎ ጮኸ፤ ከማዶ ሌላ መለሰለት። ሁለቱም ዓይኖቹ በቦታቸው ነበሩ።

እህቴ እጄን ያዘችኝ። «አየህ?» አለች። «ይኸው ነው። አሁን ረስተኸው ውረድ።»

የማስተያያው በዓል ሲቃረብ ሊቀ ላባና ወይዘሮ አልጣሽ አብረው መጡ። አጥራችን ላይ ጎን ለጎን እንደ ሁለት እርግብ ተቀምጠው አነጋገሩኝ፤ በእነሱ ዕድሜ መሰላል መውረድ ከባድ ነው።

«የቀዳሚውን ጅራት ብል ጨርሶታል» አሉ ሊቀ ላባ። «የሚተካ ላባ በከተማው የለም። አንተ የተማርክ ነህ፤ ከሩቅም ከቅርብም ታገኛለህ። ካገኘህ ሊቀ ላባነቱን እለቅልሃለሁ።»

«በርህም ይከፈታል» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ያገሩ ብቸኛ በር ይሆናል። እስቲ አስበው!»

ወደ እህቴ አየሁ። ፊቷ ወረቀት መስሏል። ኮረብታው ላይ ያለውን ጅራት አሰብኩ፤ አንድ ላባ ብቻ፣ ራሱ የረገፈ ቢሆንስ? ከዚያ ደግሞ አሰብኩ፤ አንድ ላባ ያየ «ከየት መጣ?» ይላል፤ «ከየት መጣ?» ያለ ኮረብታ ይወጣል፤ ኮረብታ የወጣ ድስት ይዞ ነው።

«አገኛለሁ» አልኳቸው። «ግን ብቻዬን በሩን ዘግቼ ነው የምሠራው።»

«እንዴታ!» አሉ ሊቀ ላባ፣ ደስ ብሏቸው። «ሁላችንም እንደዚያው ነው የሠራነው።»

የእህቴን የሣር መጥረጊያ ወሰድኩ። ረጃጅሙን ሣር መርጬ፣ በእርድ ቀቅዬ፣ በከሰል ነጠብጣብ አድርጌ፣ በቀይ ክር ሰፋሁት። የሠራሁት ትክክል ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም።

በበዓሉ ቀን ሣጥኑ ተከፈተ። ሕዝቡ በየመሰላሉ ወጥቶ፣ በየመሰላሉ ወርዶ፣ ደክሞት መጥቷል። ሊቀ ላባ ጅራቱን በዘንጋቸው ለኩ፣ ደገሙ፤ ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

«እንዲህ ያለ ጅራት» አሉ፣ «ዛሬ ዛሬ ከየት ይገኛል!»

ሕዝቡ አብሮ አለቀሰ። እናቶች ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። ልክ በዚያ ጊዜ፣ በተከፈተው መስኮት፣ ከኮረብታው ያ ድምፅ ገባ። ሻካራ፣ አጭር። የእህቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ሰመጡ።

ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይዘሮ አልጣሽ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ማንም አላወቀውም። የዘመኑን ወጣት ተዉት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለዚያ ወፍ ሲጣሉ የኖሩት ሁለቱም አላወቁትም። ሊቀ ላባ ትንሽ አሰቡና፦

«ነፋስ ነው» አሉ።

«ነፋስ ነው» አለ ሕዝቡ፣ ተረጋግቶ።

«የላይ ነፋስ ነው» አለ ከቀኝ አንድ ድምፅ።

«የምን የላይ! የታች ነፋስ ነው እንጂ!» አለ ከግራ ሌላ።

«የላይ ነው! አንተ ነፋስ የት ታውቃለህ?»

«ከታች የመጣ ነፋስ ላይ ደርሶ ሲቀየጥ ነው እንደዚያ የሚለው!»

ወንበር ተገለበጠ። ዘንግ ተነሣ፣ ጥላ ተነሣ። ያንን ዓመት ሙሉ የቆየው ዕርቅ ዓይኔ እያየ ከመካከሉ ተቀደደ። እኔና እህቴ መስኮቱ አጠገብ ቆመን ነበር። ከኮረብታው ወፉ እንደገና ጮኸ፤ እንደገናም። በዚህ ጊዜ የሰማው አልነበረም። ሰው ሁሉ ይጮኽ ነበር።